«ልቤ ሴት ናት ይለኛል»፦ የእናት ግምትና የፅንስ ጾታ

ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ቡና ከተፈላ ወሬው ወዴት እንደሚያመራ የታወቀ ነው። ሆዷ ሾለ፣ ሆዷ ሰፋ፣ ፊቷ ማዲያት አወጣ፣ ጣፋጭ አማራት፣ የሥጋ ሽታ አስጠላት። አንዷ ወንድ ነው ስትል ሌላዋ ሴት ናት ትላለች። ሁሉም ፈርዶ ሲያበቃ ጥያቄው ወደ ባለጉዳይዋ ይመለሳል፦ «አንቺስ፣ ልብሽ ምን ይልሻል?»

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሌሎቹ ትከበራለች። ስለ ሆድ ቅርፅ ሲከራከር የነበረ ሰው እንኳ የእናት ልብ ሲነሳ ዝም ይላል። ልጁ ያለው እሷ ውስጥ ነውና፣ እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል? አሁን ደግሞ ወሬው ከረከቦቱ ዙሪያ ተነስቶ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ሰፍሯል። «የእናት ግምት ከመቶ ሰባው ይመታል» የሚል ነገር በየጊዜው ይዞራል። ሰባ ገደማ የሆነ ቁጥር በእርግጥ አንድ ጥናት ውስጥ አለ። ችግሩ ከጎኑ የነበረው ሌላ ቁጥር ተቆርጦ መቅረቱ ነው።

ጥናቱን በ1999 ያሳተሙት በአሜሪካ ባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የልጃቸውን ጾታ ያላወቁ 104 ነፍሰ ጡሮች እንዲገምቱ ተጠየቁ፤ በምን ተነስተው እንደገመቱም ተመዘገበ፤ ከዚያ እስኪወልዱ ተጠበቀ። በድምሩ በትክክል የገመቱት 55 ከመቶ ሆኑ። በትምህርት ደረጃ ሲከፋፈሉ ግን ከ12 ዓመት በላይ የተማሩት 71 ከመቶ መቱ፤ ከዚያ በታች የተማሩት 43 ከመቶ ብቻ። በይነመረቡ 71ን አንጠልጥሎ 43ን ጣለው።

ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ስሜቱ ከማህፀን የሚመጣ እውቀት ቢሆን ኖሮ በትምህርት ቤት ቆይታ ባልተለያየ ነበር፤ ማህፀን ዲፕሎማ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ 43 ከመቶ ማለት በዕድል ከመምታትም ያነሰ ነው፤ እነዚያ እናቶች የልባቸውን ተቃራኒ ቢናገሩ የተሻለ በመቱ ነበር። መቶ ሰው በየምክንያቱ ሲከፋፈል አንዱ ወገን ከግማሽ በላይ፣ ሌላው ከግማሽ በታች መውደቁ የተለመደ ነው። ያው ጥናት የሆድን ቅርፅም ፈትኖ ነበር። ከጾታው ጋር ምንም ዝምድና አልተገኘለትም።

በ2017 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 411 እናቶችን ይዞ ተነሳ። ውጤቱ 51 ከመቶ ሆነ፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ስሜቴ በጣም ጠንካራ ነው ያሉት ጥቂቶቹ ተለይተው ሲታዩ ግን 62 ከመቶ መቱ። ይህን ቁጥር ንቆ ማለፍ አይገባም። ሆኖም በሌላ ጥናት እስኪደገም ድረስ የሚታመንበት አይደለም፤ እንዳለ እንቀበለው ብንል እንኳ «ልቤ እርግጠኛ ነው» ካሉ መቶ እናቶች 38ቱ ተሳስተዋል ማለት ነው። በዚህ ተማምኖ ግድግዳ ሮዝ የሚያስቀባ ሰው ቀለሙን መመለስ የሚቻልበት ሱቅ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ታዲያ ትክክለኛ ገማች እየተባሉ ስማቸው የሚነሳ ሴቶች በየሰፈሩ ለምን አይጠፉም? ምክንያቱ የጥያቄው ባሕርይ ነው። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ ዘውድ ወይም ጎፈር። በዓለም ላይ 100 ሴት ልጆች ሲወለዱ ወደ 105 ወንዶች ይወለዳሉ፤ ስለዚህ ዓይኗን ጨፍና ሁልጊዜ «ወንድ ነው» የምትል ሴት ከመቶው 51 ያህሉን ትመታለች። አሥር ነፍሰ ጡር በተከታታይ መምታት በዕድል ብቻ ከ1,024 አንድ ጊዜ ይሆናል። ከባድ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ከተማ አንድ ሺህ ሴቶች እያንዳንዳቸው ለአሥር ነፍሰ ጡር ቢገምቱ አንዷ ያህል፣ ምንም ሳታውቅ፣ አሥሩንም ትመታለች። ሰፈሩ የሚያወራውም ስለ እሷ ነው። አምስት መትተው አምስት የሳቱትን ማን ያስታውሳቸዋል?

የእናትዬዋ ትዝታም አብሮ ይተባበራል። በሦስተኛው ወር ወንድ መሰላት፣ በአምስተኛው ሴት ናት አለች፣ በሰባተኛው ተመልሳ ወንድ አሰኛት። ወንድ ከተወለደ «ታውቆኝ ነበር» ትላለች፤ አልዋሸችም፣ ብላ ነበርና። ሴት ብትወለድም ያው ዓረፍተ ነገር ይሠራል።

በአማርኛ ደግሞ ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸው ቀዳዳ አለ፤ ግሳችን ጾታ ያወጣል። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ባለሙያ ጾታውን ላለመናገር ተጠንቅቆም ቢሆን ስክሪኑን እያየ «ተኝታለች» ወይም «ፊቱን አዙሯል» ሊለው ይችላል። እናት በዚያ ቅጽበት ልብ ላትለው ትችላለች፣ ግን ጆሮዋ ገብቷል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ «እንጃ፣ ሴት ሴት ትለኛለች» ብላ ታወራለች። የባሰው ነገር ግሱ አሳሳችም መሆኑ ነው። «ፅንስ» ራሱ በሰዋስው ወንድ ስለሆነ «ልቡ ደህና ይመታል» የሚባለው ለሁሉም ነው። በሌላ በኩል አማርኛ ትንሽንና የሚወደድን ነገር በሴት ይጠራል፤ አሥር ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ፅንስ ያየ ባለሙያ «ይቺትና እጇ» ቢል ስለ ጾታ አልተናገረም፣ ስለ ትንሽነቷ ነው። ከክፍሉ ወጥተው ግሱን የሚተነትኑ ባልና ሚስት ቁጥራቸው ቀላል አይመስለኝም።

የራሱን ቤተሰብ ልብ መፈተን የሚፈልግ ሰው ቀላል መንገድ አለው። ግምቱ ከአልትራሳውንዱ በፊት በወረቀት ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ወንድ ወይም ሴት፣ እርግጠኝነቱም ከመቶ ስንት እንደሆነ ይመዝገብ። ወረቀቱ ይታሸግ፤ ሐሳብ ቢለወጥ አዲስ ይጻፍ እንጂ የቀድሞው አይቀደድ። የሚቆጠረው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። በዘመድ አዝማድ 20 እርግዝና እስኪሞላ ይሰብሰብ። ከ20 ውስጥ 14 ወይም ከዚያ በላይ መምታት በዕድል ብቻ ከመቶ ወደ ስድስት ጊዜ ያህል ያጋጥማል፤ ስለዚህ አያስገርምም። 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መነጋገር ይጀመራል። እስከዚያ ድረስ ሳቅ ነው፣ ሳቁም አይጠላም።

ምልክቶቹስ?

የሆድ ቅርፅን ነገር የሚወስኑት በአብዛኛው የእናት ጡንቻና የፅንሱ አቀማመጥ ናቸው። በመጀመሪያ እርግዝና የሆድ ጡንቻ ገና አልላላም፤ ማህፀኑን ጠብቆ ስለሚይዘው ሆድ ከፍ ብሎ ይሾላል። ሦስትና አራት የወለደች ሴት ጡንቻዋ ስለሚለቅ ሆዷ ዝቅ ብሎ ይሰፋል። አጭር ሴት ከጎድን አጥንቷ እስከ ዳሌዋ ያለው ቦታ ጠባብ ነውና ፅንሱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ረጅሟ ላይ ወደ ላይ ይዘረጋል። ፅንሱ ጀርባውን ወደ እናቱ ሆድ ሲያዞር ሆድ ይከባል፤ ወደ አከርካሪዋ ሲያዞር ጠፍጠፍ ይላል። አንዷ እናት ለበኩር ልጇ ሾሎ፣ ለሁለተኛው ሰፍቶ የታየ ሆዷን ከልጆቿ ጾታ ጋር ብታያይዘው አይፈረድባትም፤ ግን የተለወጠው ጡንቻዋ ነው።

ማዲያትም እንዲሁ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚጨምሩት ሆርሞኖች የቆዳን ቀለም የሚያመርቱትን ሕዋሳት ያነቃቃሉ፤ ፀሐይ ትጨምርበታለች። ከእምብርት ወደ ታች የሚወርደው ጥቁር መስመርም የዚያው ውጤት ነው። ወንድ የያዘችም ሴት የያዘችም ይወጣባቸዋል።

ማቅለሽለሽና ማስመለስ ላይ ግን የድሮ እናቶች አንድ እውነት ይዘዋል፤ ይህ ቆም ብለን የምናየው ነው። በ1999 የታተመ የስዊድን ጥናት ከአንድ ሚሊዮን ገደማ ወሊድ ውስጥ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ትውከት ጠንቶባቸው ሆስፒታል የተኙትን እናቶች ለየ። ከወለዷቸው ልጆች 55.7 ከመቶው ሴቶች ሆኑ፤ በተለመደው ወሊድ ሴቶች ከግማሽ በታች ናቸውና ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የእርግዝና መመርመሪያው በሽንት የሚፈልገው ሆርሞን ነው፤ ሴት ፅንስ ስትሆን መጠኑ በአማካይ ከፍ ይላል። በ2023 ደግሞ ከፅንሱ ወገን በብዛት የሚመነጭ ጂዲኤፍ15 የሚባል ሆርሞን ለከባድ ትውከት ዋና ምክንያት እንደሆነ ታወቀ፤ ከእርግዝና በፊት ለዚህ ሆርሞን ያልተለማመደች ሴት ሲጨምርባት ይጠናባታል።

ነገር ግን ቁጥሩን ወደ ቤት ስንወስደው ምን ይሆናል? ትውከት ጠንቶባቸው ሆስፒታል ከተኙ 100 እናቶች 56ቱ ሴት፣ 44ቱ ወንድ ይወልዳሉ። ያ እንግዲህ ለጠናባቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ማጥወልወልና የሽንኩርት ቁሌት መጥላት አብዛኛው ነፍሰ ጡር ላይ የሚታይ ስለሆነ ስለ ጾታ የሚለው ነገር የለም። ምልክቱ የሚያስፈልገው ለሌላ ነው፦ የጠጣችው ውሃ እንኳ የማይረጋላት፣ ሽንቷ ጥቁር ቢጫ የሆነ ወይም የቀነሰ፣ ስትቆም የሚያዞራት፣ ክብደቷ የሚወርድ ነፍሰ ጡር በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚያስፈልጋት ታማሚ ናት። «ሴት ስለያዘች ነው፣ ያልፋል» እየተባለ ቤት መቀመጥ የለባትም። ጎጂው ግምት ይሄኛው ነው።

የልብ ምቱ ነገር ከጤና ተቋም ስለሚወጣ የሳይንስ ልብስ ለብሷል፤ በደቂቃ ከ140 በላይ ከሆነ ሴት፣ ከዚያ በታች ከሆነ ወንድ ይባላል። በ2006 የታተመ ጥናት 477 ፅንሶችን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለክቶ አማካዩን ለሴቶቹ 151.7፣ ለወንዶቹ 154.9 አግኝቷል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ኧረ እንዲያውም ከሚወራው በተቃራኒ ነው። የልብ ምት የሚለወጠው በዕድሜ ነው። በዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ወደ 170 ይደርሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ፅንሱ ሲንቀሳቀስ ይጨምራል፣ ሲተኛ ይቀንሳል። በመጨረሻዎቹ ወራት ከ110 እስከ 160 ጤናማ ነው።

ወንድ የያዘች ብዙ ትበላለች የሚለው ደግሞ ትንሽ ደጋፊ አለው። በ2003 በቦስተን 244 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተሠራ ጥናት ወንድ የያዙት በቀን 190 ካሎሪ ገደማ ጨምረው እንደሚበሉ አሳይቷል፤ አንድ ሁለት ጉርሻ ማለት ነው። ይህን ከአንድ ሴት ሳህን ላይ አይቶ መለየት አይቻልም። ጎን ለጎን የምትነሳው የቃር ወሬ፣ ቃር የሚያስቸግራት ፀጉራም ልጅ ትወልዳለች የምትለዋ፣ በ2006 ስትፈተን እውነት መሆኗን ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? ቃሩ መካከለኛ ወይም ከባድ ከነበረባቸው 28 እናቶች የ23ቱ ልጆች ፀጉር መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የሠሩትም የሆድ ቅርፅን ወግ ውድቅ ካደረጉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ይህንንም ሊያፈርሱ ነበር የተነሱት።

ሠንጠረዡን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የእናትን ዕድሜና የተፀነሰበትን ወር አጋጥሞ ጾታ የሚያወጣው «የቻይና ካላንደር» በስዊድን ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ወሊድ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ከዘውድና ጎፈር አልተለየም። ከእሱ ይልቅ የጥንት ግብፆቹ ፈተና ያስደንቃል። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ ፓፒረስ ሴትየዋ በየቀኑ ስንዴና ገብስ ላይ ትሽና ይላል፤ ከበቀለ አርግዛለች፣ ገብሱ ከበቀለ ወንድ፣ ስንዴው ከበቀለ ሴት ነው። በ1963 ግብፃውያን ሐኪሞች ሲሞክሩት የነፍሰ ጡሮች ሽንት ከመቶ ሰባ በሚሆነው ጊዜ እህሉን አበቀለ፤ የወንዶችና ያላረገዙ ሴቶች ሽንት አላበቀለም። እርግዝናን የማወቅ አቅም ነበረው ማለት ነው። ጾታ ላይ ግን ወደቀ።

ማሽኑ የሚያየውና የማያየው

በብዙ ቦታ ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ ጎረቤት ውጭ ቆሞ እልልታውን እየቆጠረ ጾታውን ያውቅ ነበር። አሁን እልልታው ከወሊዱ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ፊኛ አፈንድቶ ሰማያዊ ወይም ሮዝ የሚበትን ድግስ ተለምዷል። በገጠሩ ደግሞ ሌላ ሕይወት አለ። በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ጥናት እንደሚለው አንድ ጊዜ እንኳ በባለሙያ ቅድመ ወሊድ ክትትል ያደረጉ እናቶች 74 ከመቶ፣ አራትና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 43 ከመቶ ናቸው። አልትራሳውንድ ለማየት ዕድል ላላገኘች ሴት የሆድ ንባብና ሕልም የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ያላት እሱ ነው።

ጾታ የሚወሰነው በፅንሰት ቀን፣ በአባት ዘር ነው። ኤክስ ወይም ዋይ ክሮሞዞም የሚያመጣው እሱ ብቻ ነውና «ሴት ብቻ ወለደችበት» የሚለው ወቀሳ አድራሻውን የሳተ ነው። ቢወሰንም ግን ወዲያው አይታይም። እስከ ስድስተኛውና ሰባተኛው ሳምንት የሁሉም አካል አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ በዋይ ክሮሞዞም ላይ ያለችው፣ በ1990 የታወቀችው ኤስአርዋይ የምትባል ዘረመል ሥራ ስትጀምር የወንዱ መንገድ ይለያል። በእግሮቹ መሃል ያለችው ትንሽ ጉብታ ግን እስከ 11ኛው ሳምንት በሁለቱም ላይ አንድ መጠን ያላት መስላ ትቆያለች።

ስለዚህ ቀደም ብሎ የሚያይ ባለሙያ የሚመለከተው የጉብታዋን መጠን ሳይሆን የምትጠቁምበትን አቅጣጫ ነው። ፅንሱ በጎን ሲታይ ጉብታዋ ከጀርባው መስመር ጋር ከ30 ዲግሪ በላይ ቀና ካለች ወንድ፣ ጋደም ካለች ሴት ይባላል። በ1999 በለንደን 172 ፅንሶች ላይ በዚህ መንገድ ሲገመት 11ኛው ሳምንት ላይ 70 ከመቶ፣ 12ኛው ላይ ወደ 99 ከመቶ፣ 13ኛው ላይ ሁሉም ተመቱ። የሁለት ሳምንት ልዩነት ይህን ያህል ያመጣል። ሳምንቱ የሚቆጠረው ደግሞ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር «ሦስት ወሯ» የምትባለው ሴት ከ10 እስከ 13 ሳምንት በየትኛውም ቦታ ልትሆን ትችላለች። በዚህ ዕድሜ «ወንድ ይመስላል» ከተባለች «ስንት ሳምንት ነኝ?» ብላ መጠየቅ አለባት።

ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ነገሩ ይቀላል። ጄሉ ሆድ ላይ ይቀባል፣ ፕሮቡ ከታች ወደ ላይ እንዲያይ ተደርጎ ጭኖቹ መሃል ይፈለጋል። በወንዱ ላይ ከረጢቱና ብልቱ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ በሴቷ ላይ ሁለቱ ከንፈሮችና በመሃላቸው ያለው መስመር ሦስት ትይዩ ነጭ ሰረዞች ሆነው ይወጣሉ። የሴቷ ማረጋገጫ እነዚያን ሰረዞች ማየት ነው እንጂ «ምንም አልታየኝም» ማለት አይደለም። አብዛኛው ስህተት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። እግሮቹ ከተገጣጠሙ ወንዱ ሴት ይባላል። እትብቱ በጭኖች መሃል ካለፈ ሴቷ ወንድ ትባላለች። በእናት ሆርሞን ያበጡ የሴት ከንፈሮች ከረጢት ሊመስሉ ይችላሉ። የሽርት ውሃ ሲያንስ፣ ፅንሱ በመቀመጫው ሲቀመጥ፣ የእናት ሆድ ስብ ሲበዛ ምስሉ ይደበዝዛል። ጥሩ ባለሙያ «ዛሬ አልታየም» ማለት ይችላል፤ እናት በግራ ጎኗ ትተኛለች፣ ትንሽ ትራመዳለች፣ ተመልሳ ትታያለች። የሚያስፈራው ተለማምጠውት «ሴት ትመስላለች» የሚለው ነው።

አልትራሳውንዱ የታዘዘው ግን ለጾታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንዲታይ የሚመክረው የእርግዝናውን ዕድሜ ለማወቅ፣ መንታ መሆኑን ለመለየት፣ የአካል ችግር ቢኖር ለማየት ነው። ጾታ ከሰማች በኋላ የቀረውን ሳትጠይቅ የምትወጣ እናት ዋናውን ትታ ምርቃቱን ይዛ መጣች ማለት ነው። የእንግዴ ልጁ የት ነው? የማህፀን በርን ሸፍኗል ወይ? የመውለጃ ቀኔ መቼ ነው? እነዚህን ጠይቃ በካርዷ ላይ ታስጽፍ።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ሆድ ሳይታይ ያውቃሉ፤ መንገዱ የደም ምርመራ ነው። ከእንግዴ ልጁ የሚለቀቅ የዘረመል ስብርባሪ በእናት ደም ውስጥ እንደሚዘዋወር ዴኒስ ሎ የተባሉ የሆንግ ኮንግ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው በ1997 አሳዩ። የዋይ ክሮሞዞም ቁራጭ ከተገኘ ወንድ ነው፤ ካልተገኘ ሴት። ከሰባተኛው ሳምንት በፊት አይታመንም፤ ክሊኒኮች ከ10ኛው ጀምሮ ነው የሚወስዱት። ስህተቱ የሚመጣው ደሙ ውስጥ የፅንሱ ድርሻ ሲያንስ ወይም መንታ ሆኖ አንዱ ወንድ ቀድሞ ሲጠፋ ነው። ቤት ውስጥ ከጣት ደም በሚወሰደው ምርመራ ላይ ደግሞ ባልየው ቱቦውን ከነካው የሱ ዘረመል ገብቶ ሴቷን ወንድ ያደርጋታል፤ እጅ መታጠብና ወንድ ከአካባቢው ማራቅ ያስፈልጋል። ካለፈው እርግዝና የቀረ ወንድ ያሳስት ይሆን ብላ የምትሰጋ እናት አትስጋ፤ ስብርባሪው ከወሊድ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ሙሉ ሕዋሳት ግን ይቀራሉ። ወንድ ከወለደች 27 ዓመት ባለፋት ሴት ደም ውስጥ የልጇ ሕዋስ ተገኝቷል። እናት ልጇን በውስጧ ይዛ ትኖራለች የሚለው በዚህ ልክ እውነት ነው። ሕዋሱ ግን ስለሚቀጥለው ልጅ አይነግራትም።

ልብ የሚጠየቀው

እናት ከማሽን በላይ የምታውቀው ነገር አለ፤ ጾታ ስላልሆነ ብቻ ማንም አይጠይቃትም። እሱም የፅንሱ እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያ እርግዝና ከ18 እስከ 20 ሳምንት፣ ከዚህ በፊት የወለደች ከ16 ጀምሮ ይሰማታል። የእንግዴ ልጁ ከፊት በኩል ከተለጠፈ እንደ ፍራሽ ስለሚያፍነው ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ በኋላ እስከ 32ኛው ሳምንት እየጨመረ ይሄዳል፤ ከዚያ በዚያው መጠን ይቆያል። «ቦታ ስለጠበበው ነው፣ ሊወለድ ሲል ይረጋል» የሚባለው ስህተት ነው፤ የምቱ ዓይነት ይለወጣል፣ ከርግጫ ወደ መገላበጥ፣ ቁጥሩ ግን አይቀንስም። ፅንስ ይተኛል፤ አንዱ እንቅልፉ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው።

የእያንዳንዱን ፅንስ ልማድ የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት፤ ማታ ማታ ይበረታል፣ እራት ስትበላ ይነቃል፣ ስትራመድ ጸጥ ይላል። ስለዚህ «እንደ ወትሮው አይደለም» ካለች ቃሏ መረጃ ነው። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ከተጠራጠረች በግራ ጎኗ ጋደም ትበል፣ ስልኳን ታስቀምጥ፣ ሁለት ሰዓት ልቧን ጥላ ታዳምጥ። አሥር እንቅስቃሴ ካልሞላ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ ጣፋጭ ጠጥታ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ሆዷ ላይ አድርጋ እስከ ነገ አትጠብቅ። ጨርሶ ከቆመ ሁለቱንም ሰዓት አትጠብቅ።

እንቅስቃሴ መቁጠር ብቻውን ሞትን ያስቀራል ማለት ግን አይደለም። በብሪታንያና በአየርላንድ 33 ሆስፒታሎች ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ እርግዝና ላይ የተደረገውና በ2018 የታተመው ትልቅ ሙከራ እንዳሳየው፣ እናቶችን ማንቃትና ፈጥኖ መመርመር በማህፀን ውስጥ የሚሞቱትን ልጆች ቁጥር በሚያስተማምን ደረጃ አልቀነሰም። ለአንዲት ሴት፣ በአንድ ሌሊት፣ ማንም ከእሷ ቀድሞ የማያየው ምልክት ግን እሱ ነው። እዚያ ስትደርስ ተረኛው አዋላጅ ስትጠይቃት «ዝም ብሎ ደስ አላለኝም» አትበል። በመጨረሻ መቼ እንደተሰማት፣ ወትሮ በዚያ ሰዓት ምን ያደርግ እንደነበር፣ ስንት ሳምንት እንደሆነች ትናገር፤ ልቡ ተደምጦ ብቻ «ይመታል፣ ሂጂ» ከተባለች ደም ግፊቷና የሆዷ ቁመትም እንዲለካ ትጠይቅ።